ይመርና እሜቴ

ብዙዬ ባሏን በሕልሟ የምታየው አልጋዋ ላይ ሳይሆን ባቡር ውስጥ ነበር። አልጋዋ ላይማ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥሏት ከሄደ ሰነባብቷል። ጠዋት ጠዋት ግን፣ ወደ አየር ማረፊያው የሚሄደው ባቡር ሞቅ ሲላት፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጣል ታደርግና ሸለብ ያደርጋታል። ያኔ ይመር ይመጣል። እስከ ወገቡ በሚደርስ ቢጫ ሣር መሀል፣ ያቺን ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ ይሄዳል። እሷ ከኋላ ትከተለዋለች። «ይመር» ትለዋለች፤ አይዞርም። ሮጣ ልትቀድመው ትሞክራለች። እሱ አይቸኩልም፣ እሷም አትደርስበትም። ጀርባውን እንዳየች ባቡሩ ይቆማል፣ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይወርዳል። እሷም ዩኒፎርሟን አስተካክላ ትወርድና አቅም ያነሳቸውን መንገደኞች በዊልቼር ስትገፋ ትውላለች።

ሰው የሞተበት ሰው ጀርባም ቢሆን ካየ ምን አነሰው የሚል አይጠፋም። ብዙዬን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነገር ነው። የባሏ ፊት እየጠፋባት ነበር። ይመር ካረፈ ገና አርባው እንኳ አልወጣም። ድምፁ አለ፣ ሳሉ አለ፣ ጫማውን በር ላይ የሚጥልበት ያ የሚያናድድ አጣጣል አለ። ፊቱን ላምጣ ስትል ግን የሚመጣላት የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ነው።

ፎቶ አጥታ አይደለም፣ ግድግዳው ሙሉ ነው። ነገር ግን ይመር ካሜራ ፊት ሲቆም ሌላ ሰው ይሆን ነበር። አገጩን ቀና፣ ትንፋሹን ዋጥ፣ እጁን ግራና ቀኝ ልጥፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ያፈጣል። የሰርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ የሚታየው ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ነው። ሶልያና ልጃቸው ስትመረቅ አብሯት የተነሳው ላይም ያው ነው፤ ተመራቂዋ ጥርሷ እስኪታይ ስቃ፣ አባትየው አጠገቧ ዘብ ቆሟል። ቤት ውስጥ የነበረውን ይመር፣ ያን ነገረኛና ሳቂታ ሰው፣ ማንም አንስቶት አያውቅም።

አርባው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ታናሽ ወንድሙ መስፍን አንድ ረጅም ጥቅል ተሸክሞ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መጣ። መስፍን ወንድሙ ካረፈ ጀምሮ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አያውቅም። አዳራሽ የተከራየ እሱ፣ ካህናቱን ያናገረ እሱ፣ ወንበር የቆጠረ እሱ። ጥቅሉን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘረጋው። ከሶፋው እስከ በሩ የሚደርስ ባነር ነው። ደመና አለ፤ ደመናው ላይ ነጭ ርግብ አለች፤ ከርግቧ ሥር ጥቁር ሱፍ ለብሶ ቀይ ከረባት ያሰረ ሰው ቆሟል።

ሶልያና ከደረጃው ላይ ቁልቁል አየችው። «ዌይት፣ አንክል፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አባትሽ ነዋ» አለ መስፍን። «ፊቱን ከመንጃ ፈቃዱ ነው የወሰድነው። ቶርንተን ያለው የማተሚያ ቤቱ ልጅ ነው ዲዛይን ያደረገው። ሱፉ የሌላ ሰው ነው፣ ግን አያስታውቅም አይደል? ሽበቱንም አጥፍቶለታል። ፊቱንም ትንሽ ላይት፣ ቀላ ያለ አድርጎታል።»

ይመር በሕይወቱ ከረባት አስሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ አንገቴን አነቀኝ ብሎ በገዛ ሰርጉ ቀን እንኳ በኪሱ ይዞት ነው የዋለው። አሁን የማያውቁት ሰው አንገት ላይ ጭንቅላቱን አስቀምጠውት፣ ቀልቶና ወጣት ሆኖ ያፈጣል። ብዙዬ ልትናገር ፈልጋ የመስፍንን ዓይን አየች። እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። ለወንድሙ ሲል የደከመን ሰው «ይሄ ወንድምህ አይደለም» አይሉትም፤ ነውር ነው።

«ደክመህበታል፣ እግዜር ይስጥልን» አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እዚያም አላለቀሰችም። እንባ እንቢ ካላት ሰንብቷል። ፈርታ ነበር። ቅዳሜ አዳራሹ ሙሉ ሰው ይህን ሰውዬ እያየ ነፍስ ይማር ይላል፤ ከዚያ ሰዉ የሚያስታውሰው ይህን ይሆናል፤ ውሎ አድሮ እሷም የምታስታውሰው ይህንኑ ይሆናል። ባሏ ሁለተኛ ሊሞትባት ነው።

አሁን ስለ አንዲት ነብር ልንገራችሁ። ሕይወቱን ሙሉ ካሜራ ሲፈራ የኖረው ይመር፣ እጁ ካሜራ ከገባ ምግብ አያምረውም ነበር። ሥራው መኪናቸውን ሩቅ ፓርክ ያደረጉ መንገደኞችን ሹትል በሚባለው ሚኒባስ ወደ አየር ማረፊያው ማመላለስ ነው። ሰኞ ያርፋል። ሌላው ሹፌር በዕረፍቱ ይተኛል፤ እሱ ግን ካሜራውን ይዞ፣ ቤትም ዛፍም ወደሚያልቁበት ሜዳ ይነዳል። ሜዳው ላይ፣ ከሰርከስና ከየሰው ጋራዥ የተወሰዱ አውሬዎች የሚኖሩበት ሰፊ ጥብቅ ሥፍራ አለ። ነብሮች አሉበት። የአገር ቤቱ ባለ ነጠብጣቡ ነብር አይደለም፤ ብርቱካንማው ባለ ጥቁር መስመሩ፣ ፈረንጅ ታይገር የሚለው ነው። አጥር ቢኖረውም ሣሩ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ የነሱ ነው፤ የሚነካቸው የለም፣ ዝለሉ የሚላቸው የለም። «ለኛ ዱር አይምሰለን እንጂ ለነሱስ ዱር ነው» ይል ነበር ይመር።

ከነሱ መሀል አንዲት አሮጊት ነበረች። ሠራተኞቹ የራሳቸውን ስም አውጥተውላታል፤ ይመር ግን እሜቴ ነበር የሚላት። አንቱም ይላታል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «እሜቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዛሬስ ፊትዎን ያሳዩን ይሆን?» ይላል። እሜቴ ፊቷን አታሳይም። አንዱ ባለጌ ከግልገልነቷ ጀምሮ ብረት ቤት ውስጥ ቆልፎ ለእንግዳ ሲያሳያት ስለኖረ ነው መሰል፣ ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። ይመር ሦስት ክረምት ተመላልሶ ያተረፈው ጀርባ ነው። በበረዶ ጀርባ፣ በፀሐይ ጀርባ፣ በጭጋግ ጀርባ። የሚመኘው ደግሞ አንዲት ፎቶ ብቻ ነበር፤ ቀጥ ብላ ስታይ።

«አሮጊት እንኳ ዞር ብላ የማታየው ሰው ነው ያገባሁት» ትለዋለች ብዙዬ።

«አንቺስ በስንት ልመና ነው የዞርሽው?» ይላታል።

ኋላ አንድ ዘዴ መጣለት። ነብሮቹን የምትንከባከበው ሊንዳ ፈቅዳለት፣ ከአጥሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በቆመ እንጨት ላይ ትንሽ ካሜራ አሰረ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲመጣ ራሱ የሚያነሳ፣ አዳኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ሰው ከሌለ ትዞር ይሆናል ብሎ ነው። ሰኞ ሰኞ ይሄድና ካርዱን ይለውጣል፣ እንጨቱ ፊት ተንበርክኮ የካሜራውን መስታወት ይጠርጋል፣ ይመለሳል። ከዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ያያል። ጥንቸል፣ ቁራ፣ የእሜቴ ጭራ። ካሜራው ማንንም ስለማይመርጥ ራሱ ይመርም በየካርዱ አለበት፤ ሲመጣ ያነሳዋል፣ ሲጠርገው ያነሳዋል። ይመር መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ፣ ገና የራሱን ጥላ ሲያይ ይሰርዘዋል።

«ምን ያጣድፍሃል? እስቲ ልይህ» ትለዋለች ብዙዬ ሽንኩርት እየከተፈች።

«እኔማ እዚሁ አለሁልሽ፤ ምን በፎቶ ታይኛለሽ?» ይላል። ጣቱ አንዴ ጫን ይላል፣ ይመር ይጠፋል።

እንዲህ ሲል ኖሮ አንድ ረቡዕ ተሳፋሪዎቹን በሰላም አውርዶ፣ ሹትሉን ፓርክ አድርጎ፣ መሪው ላይ ደገፍ እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉ።

መስፍን ባነሩን ይዞ በመጣ ማግስት ሊንዳ ደወለች። አዝና አዝና ካበቃች በኋላ፣ «ካሜራው አሁንም እንጨቱ ላይ ነው። በረዶ ሳያበላሸው ትወስዱት እንደሆን ብዬ ነው» አለች። ብዙዬ መጀመሪያ ምን ያደርግልኛል ብላ ነበር። ከዚያ ግን ይመር በእጁ ያሰረውን ነገር ሌላ ሰው ሊፈታው ነው ብላ ስታስብ ራሷ ሄዳ ልትፈታው ወሰነች።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። ሶልያና ነዳች። ቤቶቹ አለቁ፣ መጋዘኖቹ አለቁ፣ ከዚያ መንገዱና ጭጋጉ ብቻ ቀረ። ከኋላቸው የአየር ማረፊያው ነጭ ጣሪያ ጫፍ ጫፉ ብቻ ከጭጋጉ በላይ ይታይ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ሰመጠ። ሬድዮ አልከፈቱም። የሚመጣባቸው መኪና መብራቱ ይቀድማል፣ ድምፁ ይከተላል፣ ከዚያ አልፎ እንዳልነበረ ይሆናል። ብዙዬ ነቅታ ይሁን ተኝታ ለራሷም ግራ ገባት።

ከመኪናው ወርዳ ሣሩን ስታይ በሩን እንደያዘች ቆመች። እስከ ወገብ የሚደርስ ቢጫ ሣር ነው። የሕልሟ ሣር ነው። ይመር «አንድ ሰኞ ነይ» እያለ ስንቴ ለምኗታል፤ እሷ ደግሞ ሰኞ ሥራ ነኝ እያለች አንድም ቀን አልመጣችም። አይታው የማታውቀውን ሣር እንዴት አድርጋ እንዳለመችው ልትጠይቀው ፈለገች። የሚጠየቀው ሰው ግን የለም።

ሊንዳ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አቀፈቻት። ከዚያ በእጇ አመለከተቻት። ከአጥሩ ባሻገር፣ ጭጋጉ ሣሩ ላይ በተኛበት፣ አንድ ሰፊ ብርቱካንማ ጀርባ ነበር። መስመሮቹ ከሣሩ ጋር ተቀላቅለው የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ አይለዩም። ትተነፍሳለች፤ ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል።

«እሜቴ» አለች ብዙዬ በልቧ። «እኔ ደግሞ ሚስቱ ነኝ።»

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ብዙዬም አልተቀየመች፤ ጀርባ ለምዳለች። ወደ እንጨቱ ሄደች። ይመር ማሰሪያውን በሦስት ዙር አጥብቆ ቋጥሮታል፤ ሰውየው የጫማ ክሩን እንኳ እንደ ጭነት ነበር የሚያስረው። ጓንቷን አውልቃ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ትፈታው ጀመር። ጣቷ ደነዘዘ። በዚህ መሀል ማጅራቷን አንዳች ነገር ወረራት። ነፋስ አልነበረም።

«አትዙሪ» አለች ሊንዳ በሹክሹክታ። «እያየችሽ ነው።»

ብዙዬ እጇን ከቋጠሮው አላነሳችም። ከኋላዋ ሣሩ ኮሽ አለ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልትዞር ልቧ እየተጎተተ ጥቂት ቆየች፤ በመጨረሻ አላስችል ብሏት ስትዞር እሜቴ ፊቷን መልሳ አዙራለች። ከበፊቱ ግን ለአጥሩ ቀርባ ተኝታ ነበር።

«ድመት ናት እኮ» አለች ሊንዳ። «ያፈጠጠባትን ዞር ብላ አታይም፤ ጀርባውን የሰጣትን ግን ዓይኗን አትነቅልበትም። ይመርንም እዚያ ሲንበረከክ እንደዚሁ ነበር የምታየው። ሁልጊዜ።»

«ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

«ያውቅ መስሎኝ» አለች ሊንዳ።

ቤት እንደደረሱ ብዙዬ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ይመር በሚቀመጥበት ወንበር ተቀመጠች። ሶልያና ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። ፎቶዎቹ ተደረደሩ። አብዛኛው ሣር ነው፤ ነፋስ ሲነካው የተነሳ ሣር፣ በረዶ የለበሰ ሣር። ከሁሉ በፊት ያለችውን ሶልያና ከፈተቻት።

ይመር ነበር። ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶታል። ኮፍያው ተንጋዷል፣ ሽበቱ ከኮፍያው ሥር ወጥቷል፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። ካሜራ ፊት መሆኑን ረስቶታል፤ ለእሱ ካሜራ ሳይሆን የሚጠረግ መስታወት ነው። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጠበብ፣ የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ግራ በኩል ብቅ አድርጓል። መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ፣ የሶልያናን ጫማ ሲያስር፣ አምፖል ሲቀይር እንደሚያደርገው። ብዙዬ ይህችን ምላስ ረስታት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስታያት ኖራ፣ በአንድ ወር ረስታታለች።

«ማሚ» አለች ሶልያና። «ማሚ፣ ከኋላው እዪ።»

ከትከሻው ኋላ፣ ከአጥሩ ባሻገር፣ እሜቴ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ሙሉ ነው። ጢሟ ላይ በረዶ አለ። ሁለቱ ዓይኖቿ ይመር ላይ ናቸው፤ ማስፈራራትም የለባቸው፣ ዝም ብለው ያዩታል፣ የሚያውቁትን ሰው እንደሚያዩ።

«ሶ፣ ኦል ዲስ ታይም እያየችው ነበር?» አለች ሶልያና። «ካሜራውን ካሰረ ጀምሮ? ኤንድ ሂ ጀስት... ዲሊት ያደርገው ነበር?»

ብዙዬ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ያ ሞኝ! ከራሱ ፊት ሲሸሽ የለመናትን ፎቶ በየሰኞው በገዛ ጣቱ ሲያጠፋ ኖሯል። መነጽሩን አንዴ ቢያደርግ፣ አንዴ ትከሻውን አልፎ ቢያይ። ይህችኛዋ የተረፈችው ሰራዡ ስላልነበረ ነው። ያን ጊዜ ሳቁ ተሰበረና፣ እንቢ ያላት እንባ ሁሉ መጣ። ሶልያና ከኋላ አቅፋት ቆመች።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ አውሮራ ከተማ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ባነሩ ከግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወንበር ተሰቅሏል። ብዙዬ ለመስፍን ምንም አልነገረችውም። ፎቶዋን ሶልያና በደብተር መጠን አሳትማት ስለነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ከጧፉና ከዳቦው አጠገብ አስደግፋ አስቀመጠቻት። ሰዉ ባነሩን ቀና ብሎ እያየ፣ «መልከ መልካም ነበር» እያለ ይቀመጣል፤ ባነሩ ላይ ላለው ሰውዬ እውነት ነው።

ከለቀስተኞቹ መሀል ያሉት አዛውንቷ እማማ ጤናዬ ጸበል ሊቀምሱ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጉ ፎቶዋን አዩና መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ አውሬ ተዝካር ላይ ምን ይሠራል?» አሏት። «ለሟች ነፍስ ጥሩ አይደለም። አንሺው።»

መስፍን ጭቅጭቅ የመጣ መስሎት ሳህን እንደያዘ ፈጠን ብሎ መጣ። «ምንድነው እማማ? ምን ተፈጠረ?» አለና ጎንበስ ብሎ አየ።

እንደጎነበሰ ቀረ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፎቶዋን አነሳት፣ አጠገቡ አደረጋት፣ ራቅ አደረጋት።

«ምላሱን» አለ። ድምፁ የልጅ ሆነ። «እማዬ ዝንብ ያርፍብሃል እያለች ትቆጣው ነበር። እኔ... እኔ ረስቼው ነበር።»

ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ቀይ ከረባት ያሰረውን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አየው። ማንም ሳይነግረው ወንበር ስቦ ወጣና የባነሩን አንድ ጫፍ ፈታ፤ ወርዶ ወንበሩን ወስዶ ሌላውን ፈታ። ደመናው፣ ርግቧ፣ ሱፉ ተጣጥፈው ወለሉ ላይ ወደቁ።

«እማማ ጤናዬ፣ ወንድሜ ይሄኛው ነው» አለ ፎቶዋን ይዞ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ወንድሙ ካረፈ ጀምሮ ያን ቀን ገና መቀመጡ ነበር። ጉልበቱ ላይ አስደግፏት፣ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ አለቀሰ። እማማ ጤናዬ ጥቂት አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፣ ከትከሻው በላይ ሆነው ፎቶዋን መረመሩ።

«አውሬዋም ብትሆን ታውቀዋለች» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ብዙዬ ባቡሩ ላይ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጣል አደረገች። ይመር ሣሩ መሀል ይሄዳል፣ ቡናማ ጃኬቱን ለብሷል። ዛሬ አልተጣራችም፣ አልሮጠችም። ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ጀርባውን እስክትጠግብ አየችው። ይመር ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ አንድ ነገር እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ አለ።

ባቡሩ ቆመ። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ መውረድ ጀመረ። ብዙዬ አልቸኮለችም፤ ከመነሳቷ በፊት አንዴ ዓይኗን ጨፍና ፊቱን ፈለገችው። እዚሁ ነበር።